ከቢላዋ ወደ መርፌ፦ የስብ ማሟሚያ መድኃኒት ታሪክ

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ነፋስ ስልክ መጠሪያውን ያገኘው ያለ ሽቦ በአየር ከሚተላለፈው የሬዲዮ መልእክት ነው። ሕዝቡ አዲሱን ጥበብ በራሱ ቋንቋ ሲሰይም የሽቦውን መቅረት በአጭሩ ገለጸው። ሽቦው ቢቀርም ግን ማሠራጫ ጣቢያው፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉና የሠለጠነው ባለሙያ አልቀሩም። «ያለ ቀዶ ጥገና ስብ ያጠፋል» የሚባልለትን መርፌ ታሪክ ስንመረምርም ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። (ዓመታቱ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስብን ለውበት ሲባል በቀዶ ጥገና የማስወገድ ሙከራ አሳዛኝ ጅምር ነበረው። በ1920ዎቹ ፈረንሳዊው ሐኪም ዱጃሪዬ የአንዲትን ወጣት እግር ለማቅጠን ስቡን ፍቀው ሲያወጡ የደም ሥር በመጎዳቱ እግሯ እስከ መቆረጥ ደረሰ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጣሊያናዊው ጆርጆ ፊሸር ከአባታቸው ጋር ሆነው ስብን መጥጦ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ቀጥሎም በፓሪስ ኢቭ ዤራር ኢሉዝ ጫፉ ደነዝ በሆነ ቱቦ አሠራሩን አሻሻሉት። በ1987 ደግሞ አሜሪካዊው ጄፍሪ ክላይን በብዙ ፈሳሽ የተበረዘ ማደንዘዣ ወደ ስቡ በመጨመር የሚፈሰውን ደም መቀነስ እንደሚቻል አሳወቁ።

መርፌው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በጀርመን አገር ከአኩሪ አተር የሚገኘውን ፎስፋቲዲልኮሊን የያዘ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነበር። ብራዚላዊቷ ሐኪም ፓትሪሺያ ሪትስ ይህንኑ ከዓይን ሥር ባለው የስብ እብጠት ላይ ወግተው ያገኙትን ውጤት በ2001 አሳተሙ። ወሬው በፍጥነት ተዛመተ፤ ስቡን የሚያጠፋውም ፎስፋቲዲልኮሊን ነው ተብሎ ታመነ።

በ2004 ግን ሮቱንዳ፣ ኮሎድኒና ባልደረቦቻቸው ንጥረ ነገሮቹን ለያይተው መረመሩ። ዋናው ሠሪ ፎስፋቲዲልኮሊኑን ለማሟሟት ብቻ የተጨመረው ዲኦክሲኮሌት ሆኖ ተገኘ! ይህም የሐሞት አሲድ ጨው ነው። የሐሞት አሲዶችን የኬሚካል ቅርጽ በመመርመራቸው ጀርመናዊው ሃይንሪክ ቪላንድ የ1927ን የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በሆድ ዕቃችን ውስጥ ሐሞት የምንበላውን ቅባት እንደ ሳሙና ይበታትናል። በመርፌ ሲሰጥም በዚሁ ጠባዩ የስብ ሕዋሳትን ሽፋን ያፈርሳል፤ ሰውነትም ፍርስራሹን ቀስ በቀስ ያጸዳል።

ሳሙና ግን ቆሻሻውን ከጨርቁ መርጦ እንደማያውቅ ሁሉ ይህም መድኃኒት ስብን ከሌላው አካል ለይቶ አያውቅም። ፕሮቲን የበዛበት ሥጋ ኃይሉን ስለሚያዳክምበት ብቻ በመጠኑ ይተርፋል። በመሆኑም ልኩና ቦታው ወሳኝ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2015 ዲኦክሲኮሊክ አሲድን የፈቀደው ከአገጭ ሥር ላለው ስብ ብቻ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ10 ሚሊሊትር እንዳይበልጥ፣ በየሕክምናው መካከልም ቢያንስ 1 ወር እንዲቆይ ተወስኗል። በዚህ ጥንቃቄም እንኳ እብጠትና ሕመም ይከተላል፤ የመንጋጋ ነርቭ ከተነካም ፈገግታ ለጊዜው ይዛባል። ክብደት መቀነሻም አይደለም።

ይኸው መሥሪያ ቤት በ2023 ያልተፈቀዱ የስብ ማሟሚያ መርፌዎች ቋሚ ጠባሳ፣ ከባድ ኢንፌክሽንና የቆዳ መበላሸት እንዳስከተሉ አስታውቆ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መድኃኒት ሳይመዘገብ ገበያ ላይ እንዳይውል ይደነግጋል። ስለዚህ በነፋስ ስልክም ሆነ በሌላ ሰፈር ያለ ሰው፣ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ስለ መድኃኒቱ ስምና ምዝገባ፣ ስለ ወጊው ሙያና ፈቃድ መጠየቅ መብቱ ነው።

ለእኛ ለባለሙያዎች ደግሞ ትልቁ ትምህርት ከ2004ቱ ምርመራ የሚገኘው ነው። አንድ ነገር መሥራቱን ማየት ለምን እንደሚሠራ ማወቅ አይደለም። ይህን ሳይለዩ የሰው ገላ ላይ መሥራት፣ የተሸካሚውን ምሰሶ ከጌጡ ሳይለዩ ሕንፃ እንደ ማፍረስ ይቆጠራል።