ወረ ሼኽ፦ በየጁና በላስታ የአንድ የቤት ስም አመጣጥና የዛሬ ይዞታው

በኢጣልያ ወረራ ዘመን ላሊበላን ካጠኑት የውጭ ሰዎች አንዱ አሌሳንድሮ አውጉስቶ ሞንቲ ዴላ ኮርቴ ነበር፤ ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ የጻፈው መጽሐፍ በ1940 ሮም ላይ ታትሟል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አብያተ ክርስቲያናቱን በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ ያተመው ሠዓሊ ደግሞ ሊኖ ቢያንኪ ባሪቪዬራ ይባላል። ሰዎቹን ያነሣናቸው ለሥራቸው ሳይሆን ለስማቸው ነው። በኢጣልያ እንዲህ ያለ ብርቅ የቤተሰብ ስም የያዘ ሰው የዘሩን ምንጭ ሊያውቅ ሲሻ መንገዱ በአብዛኛው የተጠረገ ነው። በ1563 የተፈጸመው የትሬንት ጉባኤ ካህናት የጋብቻና የጥምቀት መዝገብ እንዲይዙ ስላዘዘ፣ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ በየደብሩ ተጽፎ ይገኛል። ባለስሞቹ ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ቢሆኑም እንኳ ከየትኛው ሸለቆ እንደ ወጡና የት እንደ ተበተኑ መከታተል ይቻላል።

ይህንኑ ጥያቄ ወደ ላስታና ወደ ጎረቤቱ ወደ የጁ ብናመጣው ምን እናገኛለን? በአገራችን ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ የአባት ስም ደግሞ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተለውጦ ያልቃል። ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና፣ ከዚያም ወደ ላሊበላ በሚወጣው ደጋ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም በመዝገብ አይገኝም። ይሁንና ወደዚህ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የቤት ስም ነው። ከእነዚህም በታሪክ ትልቁን ቦታ የያዘውና ለኢስላም ታሪክ አጥኚ የተለየ ጥቅም ያለው «ወረ ሼኽ» የሚባለው ነው።

ወረ ሼኽ የየጁ ገዢዎች ቤት መጠሪያ ነው። በቤቱ ትውፊት መሠረት የዘሩ አባት ሼኽ ዑመር የሚባል ሰው ነው፤ ከዐረብ አገር የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ስለ ሼኹ የሚነገረው ሁሉ ትውፊት ነውና ከዚያ በላይ ክብደት አንሰጠውም። ስሙ ራሱ ግን ምስክር ነው። «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብን፣ የአንድ ቤት ሰዎችን የሚያመለክት ቃል ነው፤ «ሼኽ» ደግሞ ዐረብኛ ነው። ስሙ የተሠራው ከእነዚህ ከሁለቱ ሲሆን በውስጡ አንድም የአማርኛ ቃል የለም። ይህን ከጎረቤት ቤት ስም ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የወረ ሂማኖ ገዢዎች «መመዶች» ይባላሉ፤ ሙሐመድ የሚለው ስም በአገሬው አንደበት «መመድ» ሆኖ የአማርኛ የብዙ ቁጥር ምዕላድ ተጨምሮበታል። የመጀመሪያው ስም ኦሮምኛ የቤቱ ቋንቋ በነበረበት ጊዜ የወጣ፣ ሁለተኛው ደግሞ አማርኛ በሚናገር ሕዝብ አፍ የጸና ይመስለናል። ሁለቱም ቤቶች መጠሪያቸውን ያገኙት ከኢስላም ነው፤ የመጡበት የቋንቋ በር ግን የተለያየ ነው።

አሁን የቤቱን ሰዎች ስም በተርታ እንመልከት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጎንደር ነገሥታት ላይ እንደራሴ በመሆን የየጁን የበላይነት የመሠረተው ዓሊ ጓንጉል ነው፤ በ1788 ሞተ። ወንድሙ ዓሊጋዝ ጓንጉል ተከተለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥልጣኑ በጉግሣ መርሱ እጅ ገባ፤ እርሱም እስከ 1825 ገዛ። ከእርሱ ቀጥሎ ሦስት ልጆቹ፣ ይማም፣ ማርዬና ዶሪ፣ ተራ በተራ ራስ ሆኑ። በመጨረሻም የልጅ ልጁ ዓሊ አሉላ፣ በታሪክ ዳግማዊ ራስ ዓሊ የሚባለው፣ ከ1831 ጀምሮ ገዝቶ በሰኔ 1853 በአይሻል ጦርነት በካሣ ኃይሉ፣ በኋላ በዐፄ ቴዎድሮስ፣ ድል ሆነ።

የዘር ሐረጉን የማያውቅ፣ የኢጣልያን መዝገብ ማንበብ የለመደ ሰው ይህን ዝርዝር ቢያገኝ ጓንጉል፣ መርሱ፣ ጉግሣ፣ አሉላ የሚባሉ አራት ልዩ ልዩ ቤተሰቦች እንዳሉ ይቆጥር ነበር። ይልቁንም በዓሊ ጓንጉልና በጉግሣ መርሱ መካከል ያለውን ዝምድና ከስማቸው በፍጹም ማውጣት አይቻልም፤ ምክንያቱም የሚያገናኛቸው ሴት ናት። የጉግሣ እናት ከፈይ የዓሊጋዝ እኅት ነበረች። የአባት ስም እርሷን አያሳይም፤ የቤት ስም ግን ያሳያል። ጉግሣ «ወረ ሼኽ» ሲባል መርሱን ሳይሆን ከፈይን ማለት ነው። የዳግማዊ ዓሊ እናት እቴጌ መነንም የመመዶች ወገን የሆነው የሊበን አመዴ ልጅ ስለሆነች፣ ዓሊ በአንድ ሰውነት ሁለቱን ቤቶች ይዞ ነበር። ይህም «ዓሊ አሉላ» ከሚለው ስም አይነበብም። ከዚያ ዘመን አልፎም የራስ ጉግሣ ሴት ልጅ በሰሜን ገዢዎች ቤት ገብታ ወልዳ፣ እቴጌ ጣይቱ ከዚያ ሐረግ ተገኝተዋል። ዛሬ ጣይቱ ብጡል የሚለውን ስም ሰምቶ የጁን የሚያስብ ስንት ሰው ነው?

ወደ ላስታ ስንመለስ በዳግማዊ ራስ ዓሊ ዘመን ላስታን ይገዛ የነበረውን ፋሪስ ዓሊጋዝን እናገኛለን። ከብሩ ዓሊጋዝ ጋር ሆኖ ለራስ ዓሊ ብዙ ጊዜ አስቸጋሪ ሆኖበታል። ፋሪስ በዐረብኛ ፈረሰኛ ማለት ነው፤ የአባቱም ስም የሚጀምረው በዓሊ ነው። እንግዲህ የዛጉዌ ነገሥታት አገር፣ የላሊበላ ደብሮች ባሉበት ምድር ላይ፣ በስሙ ከእግር እስከ ራሱ ከሙስሊም ቤት የወጣ የሚመስል ሰው ገዢ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ያየ አጥኚ ምን ይበል?

እዚህ ላይ ነው የኢስላም ታሪክ ጸሐፊዎች፣ ወዳጆችም ሆኑ ተቃዋሚዎች፣ በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት። «ዓሊ» የሚል ስም በሠራዊት ዝርዝር ወይም በርስት ሰነድ ላይ ሲያገኙ ሙስሊም ብለው ይቆጥራሉ። የወረ ሼኽ ታሪክ ግን ይህን አይፈቅድም። የየጁ መኳንንት በጎንደር ሥልጣን የያዙት ክርስትናን ተቀብለው ነው። በትግራይ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ የራስ ጉግሣ የክርስትና ስም ወልደ ሚካኤል እንደ ነበረ ጽፏል። ሆኖም ጉግሣን ወልደ ሚካኤል ብሎ የጠራው የለም፤ እርሱም አንዱን ልጁን ይማም አለው፤ ይህም ኢማም የሚለው ቃል በወሎ አንደበት ነው። የልጅ ልጁ ደግሞ የቅድመ አያቱን ወንድም ስም ይዞ ዓሊ ተባለ። ዳግማዊ ዓሊ ወደ ኢስላም ያዘነብላል የሚል ሐሜት አልተለየውም ነበር፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ዓሊ እንደ ተባለ በክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት እንደራሴነት ገዝቷል። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ስም የሚናገረው የዘርን ነገር እንጂ የሃይማኖትን አልነበረም። ዓሊ የአያት ስም ነው፤ አያት ደግሞ በጥምቀት አይለወጥም።

ይህ ልማድ መቼ እንደ ተናጋ በትክክል ማመልከት ይቻላል። በ1878 በቦሩ ሜዳ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰብሳቢነት ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዙ። የኢማም ዓሊ አባ ቡላ ልጅ ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባለ፤ ተቀናቃኙ የነበረው አመዴ ሊበንም፣ በፈረሱ ስም አባ ዋጠው፣ ኃይለ ማርያም ተባለ። ከወረ ሼኾች ጋር ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ጉግሣ የክርስትና ስሙን በልቡናው ወይም በንስሐ አባቱ ዘንድ ሊያኖረው ይችል ነበር፤ ሚካኤል ግን የቀድሞ ስሙን በአደባባይ መተው ነበረበት። ስም የሃይማኖት ምልክት እንዲሆን ያደረገው የአገሬው ልማድ ሳይሆን አዋጅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከ38 ዓመታት በኋላ የሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ዘራቸውን ከነቢዩ ሙሐመድ ጋር የሚያያይዝ የትውልድ ሐረግ አስጽፈዋል የሚለው ወሬ ከሚነገሩባቸው ነገሮች አንዱ ነበር። ለአያቶቻቸው ክብር የነበረው ነሰብ ለልጅ ልጃቸው ክስ ሆነ።

አንድ ሰው «በኢስላማዊው ሥርዓት ኒስባ የሚባል ነገር አለ፤ እርሱ የቤተሰብ ስምን ቦታ አይተካምን?» ሊለን ይችላል። በእርግጥ የዐረብኛው አጠራር ከኢስም፣ ከነሰብ፣ ከኩንያና ከለቀብ ሌላ ሰውን ከአገሩ ወይም ከወገኑ ጋር የሚያያይዝ ኒስባ አለው። ከምድራችን የወጡ ኒስባዎችም በዓለም ታውቀዋል። ከ1753 እስከ 1825 የኖረው የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ተወልዶ ያደገው በግብፅ ነው፤ ቅድመ አያቶቹ ከጀበርት ምድር ከሄዱ ብዙ ትውልድ ቢያልፍም ስሙ አልተለያቸውም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ ያረፉት ሁለቱ የሐነፊ ሊቃውንት፣ ፈኽሩዲንና ጀማሉዲን፣ አል-ዘይለዒ በሚለው ስም በመድረሳ ሁሉ ይጠራሉ። በወሎም በ1882 ያረፉት ሼኽ ጀማሉዲን በራያ ባለችው በአና ስም አል-አኒ ተብለዋል፤ በየጁ ዳና ያስተማሩት ሼኽ አሕመድ ደግሞ በመንደራቸው ስም «ዳንዩል አወል» ይባላሉ። «አወል»፣ ማለትም የመጀመሪያው፣ የሚለው ቅጽል ስሙ በእርሳቸው እንዳላበቃ ያመለክታል። (ላሊበላ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ ሮሃ የምትባለው ከተማ የንጉሡን ስም ወስዳ ቀረች።)

ነገር ግን ኒስባና የቤት ስም በአገራችን በአንድ መዝገብ ተገናኝተው አያውቁም። ኒስባ በዐረብኛ ብራና ላይ የሚኖር የዓሊሞች ስም ነው። የቤት ስም ደግሞ በጋብቻ ሽምግልና፣ በለቅሶ ቤትና በርስት ክርክር ላይ በቃል የሚነሣ ነው። ክርስቲያኑ ጋብቻን ለመለየት ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ሙስሊሙ የውርስን ድርሻ ለማወቅና ዝምድናን ለመቀጠል ነሰቡን ይጠብቃል፤ በሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽም ልጅ በወላጅ አባቱ እንዲጠራ ታዟል። ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ መቅረቷ በሁለቱም ወገን አንድ ነው። ወረ ሼኽ የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች ያሉበት ቤት ስለሆነ፣ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም መዝገብ ሙሉው አይገኝም።

በወረቀት ላይ አንድ ዕድል መጥቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸውና፣ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም እንዳለው ደነገገ። ያ ድንጋጌ በሥራ ላይ ቢውል ኖሮ ከየጁና ከላስታ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ወረ ሼኽ ተብለው ይመዘገቡ፣ እኛም ዛሬ እንደ ኢጣልያኖቹ እንቆጥራቸው ነበር። ሕዝቡ ግን የለመደውን አጠራር አልተወም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲወጣም በቅጹ የሚሞላው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ሆነ።

ስለዚህ ወረ ሼኽ ዛሬ ምን ያህል ተስፋፍቷል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁለት መልክ አለው። በሰነድ አንድም ሰው በዚህ ስም አይጠራም። የቤቱ የተጸውዖ ስሞች ግን፣ ይማም፣ ዓሊ፣ ዓሊጋዝ፣ ጓንጉል፣ ከወልድያ እስከ ላሊበላ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ይሰማሉ። ዓሊ የሚባል አያት ያለው ክርስቲያን ገበሬ ማግኘት በዚያ አገር የሚያስደንቅ አይደለም። በእርግጥ ዓሊን የሚያህል ለሙስሊም ሁሉ የጋራ የሆነ ስም የቤት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ዓሊጋዝና ጓንጉል ግን ሲገኙ አያትን መጠየቅ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። በወሎ ብራናዎችንና የቃል ታሪክን የሚሰበስቡ ባልደረቦቻችን የመረጃ ሰጪውን ስም እስከ አያት ከጻፉ በኋላ «ከማን ቤት ነዎት?» የሚለውን ጥያቄ ቢያክሉ፣ በእናት በኩል ያለውንም ቢያስከትሉ፣ የከፈይን ዓይነት ሐረግ ከመጥፋት ያድኑ ነበር። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

ባሕር ማዶ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በሮምም ሆነ በዋሽንግተን ያለው ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ከየጁ የሄደው ሰው በዚያ ቦታ ላይ የአያቱን ስም ይጽፋል። አያቱ ይማም ከሆነ ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ይማም ተብለው ይቀራሉ። ወንድሙ በሌላ ዓመት በሌላ በር ሄዶ የአባቱን ስም አስመዝግቦ እንደሆነ፣ የእርሱ ልጆች በሌላ የቤተሰብ ስም ይጠራሉ፤ የአንድ ቤት ልጆች በሁለት ስም ተለያይተው ይቆጠራሉ ማለት ነው። በሁለቱም ዘንድ የረጋው ስም የተመረጠው ባለስሙ የዘሩ አባት ስለሆነ ሳይሆን፣ ፓስፖርቱ በወጣበት ቀን በሦስተኛው ወይም በሁለተኛው ቦታ ላይ ተጽፎ ስለተገኘ ነው።