የድሃ ተማሪ ወንበርና የአጥንት ቆጠራ፦ የካስቲያ ታላላቅ ኮሌጆች ከ1401 እስከ 1798

የሳላማንካው ጳጳስ ዲዬጎ ዴ አናያ በ1401 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የቅዱስ በርተሎሜዎስን ኮሌጅ ሲመሠርቱ ያሰቡት አእምሮ እያላቸው ገንዘብ ላጡ ወጣቶች ነበር። አርአያቸው ካርዲናል ሂል ዴ አልቦርኖስ ለስፔናውያን በቦሎኛ ያቋቋሙት ኮሌጅ ነው። ለ15 ተማሪዎች ቀለብ፣ ልብስና ማደሪያ ተመደበ። በኋላ ሦስት ኮሌጆች በሳላማንካ፣ አንድ በቫያዶሊድ፣ አንድ በአልካላ ተጨመሩና «ታላላቅ» የሚባሉት ስድስት ሆኑ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ግን ድሃ ተማሪ በእነዚህ ቤቶች ብርቅ ነበር፤ ወንበሩ የመኳንንት ልጆች ሆኗል።

ለዚህ ለውጥ የመኳንንቱን ስግብግብነት ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ይቀናል። እኔ ግን ዘሩ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ነበር እላለሁ። ደንቡ ከአመልካቹ ሁለት ነገር ይሻ ነበር፤ ድህነትንና የደም ንጽሕናን። ማለትም በትውልዱ ውስጥ አይሁዳዊ ወይም ሙስሊም የነበረ ሰው አለመኖሩን። ድህነትን የሚመረምር ብርቱ ሥርዓት አልነበረም። ደምን ለመመርመር ግን መርማሪ ወደ ትውልድ አገር ይላካል፣ ሽማግሌዎች ምለው ይመሰክራሉ፣ የአያት ቅድመ አያት አጥንት ይቆጠራል። የዚህ ሁሉ ወጪ በአመልካቹ ላይ ይወድቃል። ድሃ መሆኑን ለማስረዳት ምንም የማይጠየቅ ሰው ንጹሕ መሆኑን ለማስረዳት ሀብታም መሆን ነበረበት።

ነገሩን የሚያወሳስበው የደም ንጽሕናና ባላባትነት አንድ አለመሆናቸው ነው። ማንም የዘር ሐረጉን ያልጻፈለት ገበሬ በ«ነባር ክርስቲያንነቱ» ሊኮራ ሲችል፣ ከአይሁድ ዘር ከሆኑ ባለጸጋ ቤተሰቦች ጋር የተጋባ መስፍን ግን ይሰጋ ነበር። በ1560 ለንጉሥ ፊልጶስ 2ኛ እንደቀረበ የሚነገርለትና የካርዲናል ፍራንሲስኮ ዴ ሜንዶሳ ነው የሚባለው ጽሑፍ የስፔንን ታላላቅ ቤቶች በዚሁ «ነውር» ይከሳቸዋል። ቢሆንም ምስክር መግዛት የሚችለው መስፍኑ እንጂ ገበሬው አልነበረም።

ኮሌጅ የገባ ሰው በሕግ ተመርቆ የካስቲያ ምክር ቤት አባል፣ ዳኛ ወይም ጳጳስ ይሆናል። የቆይታ ዘመኑ ቢያልቅም ሹመት እስኪያገኝ በኮሌጁ የእንግዳ ማረፊያ ለዓመታት ይቀመጣል። ለሹመት የሚያጩት የምክር ቤቱ አባላት ደግሞ የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። በዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ መምህራንን በድምፃቸው የሚመርጡት ተማሪዎች ነበሩ፤ ምርጫው በጉቦና በሁከት የታወቀ ስለነበር በ1641 ሥልጣኑ ለምክር ቤቱ ተላለፈ። ሙስናን ያስወግዳል የተባለው እርምጃ የመምህርነት ወንበሮቹን ለኮሌጆቹ ወገን አስረከበ፤ እነሱም በተራ ተከፋፈሉት።

አምሳያው ባሕር ተሻግሯል። ሊቀ ጳጳስ ክሪስቶባል ዴ ቶሬስ በ1653 በቦጎታ የመሠረቱት የሮሳሪዮ ኮሌጅ ከስድስቱ አንዱ ከሆነው ከሳላማንካው የሊቀ ጳጳስ ኮሌጅ ሥርዓቱን ወሰደ። እዚያ ግን አይሁዳዊና ሙስሊም የዘር ሐረግ ብቻ ሳይሆን የአገሬው ተወላጅ ደምና የወላጆች «ዝቅተኛ» ሙያም ጥያቄ ሆኑ። ኮሌጁ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በስፔን መልሱ የመጣው ከኮሌጆቹ ውጭ ከቀሩት ተማሪዎች ነው። የዕብራይስጥ መምህሩ ፍራንሲስኮ ፔሬስ ባየር ኮሌጆቹን የሚከስ ሰፊ ማስታወሻ ለንጉሥ ካርሎስ 3ኛ አቀረበ። ሚኒስትሩ ማኑኤል ዴ ሮዳም በተማሪነት ዘመኑ ከኮሌጆቹ ውጭ የቀረ ሰው ስለነበር ደገፈው። በ1771 የወጡት ድንጋጌዎች የድህነቱን መስፈርት መልሰው አጸኑ፤ ምርጫውንም ከኮሌጆቹ እጅ ማውጣት ጀመሩ። ጊዜው ግን አጭር ነበር። በ1798 መንግሥት የጦርነት ዕዳ ሲከብደው የኮሌጆቹን ርስት ሸጦ ገንዘቡን ለዕዳ መክፈያ አዋለው። ለድሃ ተማሪ ታስቦ የተተወው ርስት በመጀመሪያ ለባላባት፣ በመጨረሻም ለአበዳሪዎች ሄደ።