የአስፋልት አጠባበቅ ታሪክ፤ ከሞናኮ እስከ ኦቶና

የመንገድ ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር ጎልቶ የሚነገረው የግንባታው ዜና ነው። መንገዱ የተመረቀበት ቀን በመዝገብ ይሰፍራል፤ ስንጥቁ የተደፈነበት ቀን ግን በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። ሆኖም የአስፋልትን ዕድሜ የሚያረዝመው ወይም የሚያሳጥረው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ያልተመዘገበ ሥራ ነው። ይህ እውነት ለአገር አቋራጭ አውራ ጎዳና ብቻ ሳይሆን፣ ከግቢ በር እስከ ቤት ደጃፍ ለተዘረጋ ጥቂት ሜትር አስፋልትም ይሠራል።

ሬንጅ ለሰው ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ባቢሎናውያን ጡብ አያይዘውበታል፤ መርከብ ሠሪዎችም ውኃ እንዳይገባ ለቅልቀውበታል። የመንገድን ገጽ በቀጭን ልባስ የመሸፈን ዘዴ እንዲስፋፋ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ግን መሐንዲስ ሳይሆን ሐኪም ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ዶክተር ኤርንስት ጉሊየልሚኔቲ እ.ኤ.አ. በ1902 አውቶሞቢሎች የሚያስነሡትን አቧራ ለማስቀረት ሲል በሞናኮ አንድን የጠጠር መንገድ በቅጥራን አስቀባ። የአቧራው ጉዳይ ለእርሱ የጤና ጉዳይ ነበር።

በኢትዮጵያም በዚያው ዘመን፣ በ1896 ዓ.ም ገደማ፣ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» የሚል ስም አተረፈ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው ወረራ ጣሊያኖች ብዙ መንገድ ቢዘረጉም፣ ከጦርነቱ በኋላ ጠባቂ በማጣቱ አብዛኛው ተበላሸ። በመስከረም 1943 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ የተበደረችውና በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው ይህን ጉዳት ለማቃናት ጭምር ነበር። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ ጭንቀት አዲስ መንገድ ከመሥራት ይልቅ ያለውን ማዳን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በወላይታ ደግሞ የመንገድና የጤና ጉዳይ በኦቶና ይገናኛሉ። በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ቡድን በ1920 ዓ.ም ሶዶ ደርሶ ሥራውን ጀመረ፤ የኦቶና ሆስፒታልም መሠረት በዚሁ ተጣለ። ዛሬ ሆስፒታሉ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ቀድሞ ሕመምተኛ በቃሬዛ በሰው ትከሻ ይጓዝ በነበረበት አገር፣ ዛሬ በአምቡላንስ ለሚመጣ ወላድ በመዳረሻው ላይ የሚገኝ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሕመም ነው። በ1962 ዓ.ም ሥራውን የጀመረው፣ ዋዱ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅትም ከእርሻው ጋር መጋቢ መንገዶችን በዕቅዱ ማካተቱ፣ መንገድ ከሌለ ሌላው ሁሉ እንደማይሠራ በመረዳት ነው።

የአካባቢው ተፈጥሮ አስፋልትን ይፈትናል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ በልግና ክረምትም ተከታትለው ይዘንባሉ። ፀሐይና አየር በሬንጁ ውስጥ ያለውን ዘይት ስለሚያደርቁት ልባሱ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን ገረጋንቲና ቀይ አፈር ያለሰልሳል፤ ከዚያም የመኪና ጎማ በተጫነው ቁጥር ለስላሳው አፈር እየሸሸ ጉድጓድ ይፈጠራል። ጉዳቱ ከላይ ቢታይም የሚገድለው ከሥር የገባው ውኃ ነው።

እንግዲህ የቤቱን መግቢያ አስፋልት ለማቆየት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ሬንጁን ሳይሆን ቦዩን ነው፤ ውኃው መውጫ ካላገኘ ልባስ አይረዳም። ቀጥሎም በበጋ፣ ገጹ ሲደርቅ፣ ስንጥቁ ተጠርጎ፣ የበቀለው ሣር ከሥሩ ተነቅሎ፣ በሬንጅ ወይም በውኃ በተበጠበጠው ሬንጅ፣ በኢመልሽን፣ ይሞላል፤ በላዩም ደቃቅ አሸዋ ይነሰነሳል። ኢመልሽኑ እሳት ስለማያስፈልገው ለቤት ሥራ የተሻለ ነው። ከመኪና የሚንጠባጠብ ነዳጅና ዘይት ሬንጁን ስለሚያሟሟው ቶሎ መታጠብ አለበት። ከስንጥቁ በኋላ ገጹ ሁሉ በስሱ ይቀባል፤ ወፍራም ልባስ ራሱ ይሰነጠቃል። አዲስ አስፋልትም እስኪጠነክር ጥቂት ወራት ሳይቀባ ይቆያል። ሆኖም ገጹ እንደ አዞ ቆዳ ከተሰነጣጠቀ ሕመሙ ከመሠረቱ ነውና ቆርጦ መሥራት እንጂ መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው።

የልባሱም ዓይነት ምርጫ ይሻል። ከድንጋይ ከሰል የሚገኘው ቅጥራን ለጤና ጎጂ የሆኑ ውሁዶችን ስለሚይዝ በአሜሪካ የኦስቲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 ከልክላዋለች። አቧራን ለመከላከል በሐኪም እጅ የተጀመረው ቅጥራን መልሶ የጤና ጥያቄ መሆኑ ታሪካዊ ትምህርት ነው።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሪፖርት በአፍሪካ በወቅቱ ቢደረግ ኖሮ 12 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ጥገና፣ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ያስቀር እንደነበር ገምቷል። በኢትዮጵያም በ1989 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው ለጥገና ቋሚ የገንዘብ ምንጭ ለማበጀት ነው። ይህ ሂሳብ በአገር ደረጃ በቢሊዮን፣ በግቢ ደረጃ በጥቂት ብር ይቆጠር እንጂ ሕጉ አንድ ነው፦ ዛሬ በአንድ ባልዲ ሬንጅ የሚደፈነው ስንጥቅ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ በአንድ የጭነት መኪና ጠጠር አይሞላም።