ከአቡበክር ቤት ሁለት ሴቶች

እስቲ ቀረብ በሉ። ዓመቱ 10ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው፤ በፈረንጆቹ 632። ዙልቂዕዳ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐጅ ሊወጡ ነው ተብሎ መዲና በሰው ተጥለቅልቃለች። ወጥተው ዙልሁለይፋ አደሩ፤ ሐጃጁ ገላውን ታጥቦ ኢሕራም የሚገባው እዚያ ነው።

እዚያው አንዲት ሴት ምጥ ያዛት። የአቡበክር ሚስት፣ አስማ ቢንት ዑመይስ። አገራችን ታውቃታለች፤ ከፊተኛው ባሏ ከጀዕፈር ጋር ተሰዳ ሐበሻ ምድር ዓመታት ኖራለች፣ ዐብደላህንም የወለደችው እዚሁ ነው። አቡበክርን ያገባችው ጀዕፈር ሙእታ ላይ ሸሂድ ከሆነ በኋላ ነው። አሁን ሙሐመድ የተባለ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ደሟ አልቆመም፤ ቅፍለቱ ደግሞ ሊነሣ ነው። ምን ላድርግ ብላ ወደ ነቢዩ ላከች። ታጥባ፣ ጨርቅ ታጥቃ፣ ኢሕራም እንድትገባ ነገሯት። ልብ በሉ፤ ትጥበቱ ደሙን አያቆመውም፣ ሶላትም አያሰግዳትም። ታጠበች ግን። ገንፎ እየተገነፋላት መተኛት የሚገባት አራስ፣ ለበይክ እያለች ያን ሁሉ በረሃ በግመል!

መካ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ሰሪፍ ሰፈሩ። እዚህ ደግሞ የአቡበክር ልጅና የነቢዩ ሚስት፣ እናታችን ዓኢሻ፣ ታለቅሳለች። የወር አበባዋ መጥቷል። ምነው ዘንድሮ ባልመጣሁ እስከማለት ደርሳለች። ነቢዩ አጽናኗት፤ በአደም ሴት ልጆች ሁሉ ላይ የተጻፈ ነገር ነውና ሐጃጅ የሚሠራውን ሁሉ ሥሪ፣ እስክትጠሪ ካዕባን ብቻ አትዙሪ አሏት።

ያ «ሁሉ» ቀላል አይምሰላችሁ። ዐረፋ መቆም፣ ሙዝደሊፋ ማደር፣ ሚና ላይ ጠጠር መወርወር፤ አንዱንም ሃይድ፣ የወር አበባ፣ አይከለክላትም። የሐጁ ትልቁ ማዕዘን ዐረፋ እንኳ ዉዱእ ለሌለው ክፍት ነው። የቀረባት ጠዋፉ፣ ካዕባን መዞሩ፣ ነው። ዑለማዎችም የተለያዩት እዚሁ ላይ ነው። ብዙዎቹ ያለ ጠሃራ ጠዋፍ የለም ይላሉ፤ ሐነፊዎች በሃይድ የዞረች ጠዋፏ ይያዝላታል፣ ግን ግመል ትረድ ይላሉ፤ ኢብን ተይሚያ ቅፍለቷ ጥሏት ሊሄድ ለተቸገረች ሴት በር ከፍቷል። የዛሬው ቅፍለት አውሮፕላን ነው፣ እሱም አይጠብቅም፤ ብዙ ሴቶች ሐኪም አማክረው የወር አበባ የሚያዘገይ ኪኒን ይዘው የሚሄዱት ለዚህ ነው።

ዓኢሻ ጠራች፣ ታጠበች፣ ዞረች። ግን ልቧ አልረካም። ሰው ሐጅና ዑምራ ይዞ ሲመለስ እኔ ሐጅ ብቻ? አለች። ነቢዩም ወንድሟን ዐብዱረሕማንን ጠርተው ተንዒም እንዲወስዳት አዘዙት። ግመሉ ላይ ከኋላው አፈናጥጧት በሌሊት ወጡ፤ ከዚያ ኢሕራም ገብታ ዑምራዋን ፈጸመች። ዛሬ ተንዒም ላይ ያለው መስጊድ በስሟ ይጠራል። ነቢዩም እስክትመለስ ጠበቋት። መቼም ለዓኢሻ ሲባል ሰው ሲቆም ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ቀደም ባለ ጉዞ ሐብሏ ጠፍቶ ሲፈለግ ሰዉ ውሃ የሌለበት በረሃ አድሮ፣ አባቷ ክፉኛ ተቆጥቷት ነበር። በንጹሕ አፈር መጥራት፣ ተየሙም፣ የተፈቀደው በዚያ ጉዞ ነው። ሐብሉም ከግመሏ ሥር ተገኘ።

ወደ ሐጁ እንመለስ፤ ወደ መዲና ሊነሡ ሲሉ ደግሞ ሌላዋ የነቢዩ ሚስት ሰፊያ ደም አየች ተባለ። ልታስቀረን ነው እንዴ? አሉ ነቢዩ። የዕርዱን ቀን ጠዋፍ ዞራለች አሏቸው። እንግዲያማ ትነሣ አሉ። የስንብቱ ጠዋፍ ቀረላትና ከሰዉ ጋር ወደ መዲና መንገድ ጀመረች።