ምሕረት፣ ይቅርታ፣ ርኅራኄ

«ልጁ ተማረ» ሲሉን ፊደል ቆጠረ ማለታቸው ነው ወይስ ከቅጣት ዳነ? ግእዝ ላይ ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ መሀረ በሃሌታው ሀ «አስተማረ»፣ መሐረ በሐመሩ ሐ «ማረ» ነው። አማርኛ ሁለቱንም የጉሮሮ ድምፆች ስለዋጣቸው ትምህርትና ምሕረት ግሣቸው አንድ መሰለ።

«ይቅርታ» የአማርኛ የራሱ ነው። «ቀረ» ከሚለው ግሥ «ይቅር» ተባለ፣ «ታ» ተቀጠለበትና ስም ሆነ። ጥፋት አልነበረም አይልም፤ ቅጣቱ ይቅር ነው የሚለው። ሕጉም እንደ ቃሉ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 229 ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀላል፣ ፍርዱ ግን መዝገብ ላይ ይቆያል። በአንቀጽ 230 ምሕረት ግን ፍርዱን እንዳልነበረ ያስቆጥራል። ይህ ምሕረት በእንግሊዝኛ የሚጠራበት «አምነስቲ» የመጣበት የግሪክ ቃል ትርጉሙ መርሳት ነው፤ የእኛው ምሕረት ሥሩ ላይ መርሳት የለበትም፣ መራራት እንጂ።

«ራራ» ደግሞ በብዙኃኑ ኀ ከሚጻፈው የግእዝ «ርኅርኀ» የወረደ ነው። በስኮትላንዷ የሎከርቢ ከተማ ጉዳይ ያከራከረው ይኸው ሦስተኛው ቃል፣ ርኅራኄ፣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 በከተማዋ ሰማይ ላይ፣ በአሜሪካው የፓን አም አውሮፕላን ውስጥ በፈነዳው ቦምብ 270 ሰው አልቋል። በዚሁ የተፈረደበትን ሊቢያዊ አብደልባሰጥ አል መግራሂን የስኮትላንድ የፍትሕ ሚኒስትር ኬኒ ማካስኪል ኦገስት 20 ቀን 2009 ፈቱት። በእስረኞች ዝውውር ስምምነት ይሂድ የሚለውን ጥያቄ ውድቅ አድርገው፣ በካንሰር ሊሞት ነው በሚል እ.ኤ.አ. የ1993ቱን የስኮትላንድ ሕግ ጠቅሰው በርኅራኄ ለቀቁት። ምሕረትም ይቅርታም አልሰጡትም። ብዙዎች ግን ነጻ እንደወጣ አድርገው ነው የሰሙት፤ ትሪፖሊ ላይ የጠበቀው የጀግና አቀባበልም ይህንኑ አባሰው።

የስኮትላንድ ፓርላማ ሴፕቴምበር 2 ቀን 73 ለ50 በሆነ ድምፅ ውሳኔውን ተቃወመ። በዚያው ወር የአሜሪካ ሴኔት፣ ሊቢያ ስለ አቀባበሉ ይቅርታ መጠየቅ አለባት ሲል አቋሙን አሳወቀ። የአማርኛው ቃል እዚህ ላይ ፊቱን ያዞራል፦ ባለሥልጣን የሚሰጠውም፣ አጥፊ የሚጠይቀውም ያው ይቅርታ ነው። ሁለቱም ምክር ቤቶች ግን የተፈታውን ሰው የሚመልሱበት ሥልጣን አልነበራቸውም።

ሦስት ወር ዕድሜ የተገመተለት መግራሂ ሜይ 20 ቀን 2012 ትሪፖሊ ውስጥ ሞተ። ከሞቱ በኋላ የቀረበውን ይግባኝ የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2021 ውድቅ ስላደረገው፣ የጥፋተኝነት ፍርዱ እስከ ዛሬ እንደጸና ነው።