አኪራ ማን ነው? የአንድ ፊልምና የተመልካቾቹ ታሪክ

የፊልም ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚወሳው ስለ አዘጋጁ፣ ስለ ተዋንያኑና ስለ ወጣበት ገንዘብ ነው። ተመልካቹ በወንበሩ ላይ ሆኖ ያሰበው፣ ግራ የተጋባበትና ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ከባልንጀራው ጋር የተከራከረበት ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሳይመዘገብ ይቀራል። ይሁን እንጂ አንድ ሥራ በየዘመኑና በየአገሩ ምን ጥያቄ እንዳስነሣ መከታተል ስለ ሥራው ብቻ ሳይሆን ስለ ጠያቂዎቹም ብዙ ያስረዳል። ለዚህ ጥሩ ምስክር ከሚሆኑት ሥራዎች አንዱ «አኪራ» የተባለው የጃፓን የሥዕል ፊልም ነው።

«አኪራ» በጃፓን ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው ጁላይ 16 ቀን 1988 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርዝመቱ 124 ደቂቃ ነው። አዘጋጁ ካትሱሂሮ ኦቶሞ በ1954 በሚያጊ ክፍለ ሀገር የተወለደ ሲሆን፣ ዝና ያተረፈው አስቀድሞ ጃፓኖች «ማንጋ» በሚሉት የሥዕል ልብ ወለድ ነው። የፊልሙ ምንጭ የሆነውን ሥራ «ያንግ ማጋዚን» በተባለ መጽሔት ላይ በተከታታይ ማውጣት የጀመረው በ1982 መጨረሻ ነበር። ፊልሙን ለመሥራት ኮዳንሻ የተባለው አሳታሚ፣ ቶሆ የተባለው የፊልም ኩባንያና ሌሎችም ድርጅቶች ተባብረው «የአኪራ ኮሚቴ» የተሰኘ ኅብረት አቋቋሙ። ከ160,000 በላይ ሥዕሎች በስስ ፕላስቲክ ላይ ተሥለው ቀለም ተቀቡ። በጃፓን ልማድ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ይቀዳ የነበረው የተዋንያን ድምፅ በዚህ ሥራ አስቀድሞ ተቀድቶ፣ የገጸ ባሕርያቱ ከንፈር ከንግግሩ ጋር እንዲገጥም ሆኖ ተሣለ። ሙዚቃውንም ጌይኖ ያማሺሮጉሚ የተባለው የኪነት ቡድን የኢንዶኔዥያን ጋሜላን ከጥንታዊው የጃፓን የኖ ቴአትር ዜማ ጋር አዋሕዶ አቀረበ። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ ተመልካቹን ያደናገረው ነገር ሥራው በቸልታ ስለ ተሠራ የመጣ አይደለም።

ፊልሙ የሚከፈተው በቶኪዮ ላይ በፈነዳ ነጭ ብርሃን ነው። ብርሃኑ እየሰፋ ሄዶ ከተማዋን ይውጣታል፤ ሦስተኛው የዓለም ጦርነትም ይነሣል። ወዲያው ዘመኑ 2019 ይሆናል። በፍርስራሹ ፈንታ በተሠራችው አዲስ ቶኪዮ ውስጥ ካኔዳና ቴትሱዎ የተባሉ አብሮ አደግ ጎረምሶች በሞተር ብስክሌት ከሌላ የወሮበላ ቡድን ጋር ይፋለማሉ። ቴትሱዎ ፊቱ እንደ ሽማግሌ ከተጨማደደ አንድ ሕፃን ጋር ተጋጭቶ ይወድቃል፤ ወታደሮች ወስደው ይመራመሩበታል፤ ነገሮችን በሐሳብ ብቻ የማንቀሳቀስና የማፍረስ ኃይልም ያድርበታል። ከዚህ በኋላ የሁሉም ወሬ አኪራ ነው። የጦር መኮንኑ ይፈራዋል፤ በየመንገዱ የሚዘምሩ አማኞች መምጣቱን ይጠባበቃሉ፤ ቴትሱዎ ደግሞ ፊት ለፊት ሊገጥመው ይፈልጋል። በመጨረሻ ግን በመሠራት ላይ ባለው የኦሊምፒክ ስታዲየም ሥር የተቀበረው የማቀዝቀዣ ክፍል ሲከፈት የሚገኘው በመስተዋት ዕቃዎች የተጠበቀ የአካል ቁራጭ ብቻ ነው። ፊልሙ በስሙ የተጠራለት ሰው የለም ማለት ነው። ከዚያም የቴትሱዎ ገላ ከቁጥጥሩ ውጭ ሆኖ ያብጣል፤ ሌላ ነጭ ብርሃን ይነሣል፤ ከተማዋ ዳግመኛ ትፈርሳለች። ከሲኒማ ቤት የወጣው ሰው ሁሉ «ለመሆኑ አኪራ ማን ነው?» ቢል አያስደንቅም።

ለዚህ ግራ መጋባት የመጀመሪያው ምክንያት ከምሥጢር ይልቅ የመጠን ጉዳይ ነው። የኦቶሞ የሥዕል ልብ ወለድ ሲጠናቀቅ ስድስት ጥራዝና ከ2,000 ገጽ በላይ ሆኗል። የተጠናቀቀው ግን በ1990፣ ማለት ፊልሙ ከታየ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ገና ያልጨረሰውን ታሪክ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጨረስ ነበረበት። በመጽሐፉ ውስጥ አኪራ ሕይወት ያለው፣ የማይናገር ትንሽ ልጅ ነው፤ ከተማዋንም የሚያፈርሰው እርሱ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በፍርስራሹ ላይ የሚቆመው መንግሥት የሥራውን ግማሽ ያህል ይይዛል። ይህ ሁሉ ከፊልሙ ወጥቷል። ሚያኮ የምትባለው ሴት በመጽሐፉ ከዋነኞቹ ሰዎች አንዷ ስትሆን፣ በፊልሙ ግን የአማኞቹ መሪ ሆና ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብቅ ትላለች። ግንዱ ተቆርጦ ቅርንጫፉ እንደ ቀረ ዛፍ፣ በፊልሙ ውስጥ ከየት እንደ መጡ የማይታወቁ ብዙ ነገሮች አሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው እውቀት ነው። በ1988 በቶኪዮ ሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው ታሪኩን በመጽሔት ሲከታተል ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ይህም ባይሆን ካኔዳ፣ ቴትሱዎና ሺኪሺማ የሚሉት ስሞች በ1956 ከተጀመረው የሚትሱቴሩ ዮኮያማ «ቴትሱጂን 28» ከተባለ የታወቀ የልጆች የሥዕል ታሪክ የተወሰዱ መሆናቸውን ያስታውሳል። አኪራ 28 ቁጥር የተሰጠውም በዚሁ ሰበብ ነው። የኦሊምፒክ ስታዲየሙ የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በጎዳና ላይ ከፖሊስ ጋር የሚጋጩት ሰልፈኞችም በ1960 የጃፓንና የአሜሪካን የጸጥታ ውል በመቃወም የተደረገውን ሰልፍና በ1968 እና በ1969 የተነሣውን የተማሪዎች ዐመፅ ያሳስቡታል። ስለ ነጩ ብርሃን ደግሞ በ1945 የሂሮሺማና የናጋሳኪ ዕጣ ለደረሰበት ሕዝብ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቅኔ ሲዘረፍ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን እንደሚያጣ ሁሉ፣ ይህን ያልያዘ ተመልካችም የሚያየው ሥዕሉን ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የመጀመሪያው ትርኢት ቀን ነው። በፊልሙ መክፈቻ ቶኪዮ የጠፋችበት ዕለት ተብሎ የተጻፈው ጁላይ 16 ቀን 1988፣ ማለት ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበበት ያው ዕለት ነበር። በዚያ ቀን በቶኪዮ የተቀመጠው ተመልካች ውጭ ትቷት የገባት ከተማ በዚያው ቀን ስትጠፋ አየ። ከዓመት በኋላ በሌላ አገር ያየው ሰው ግን ያንኑ ጽሑፍ እንዳለፈ ተራ ቀን አንብቦ አልፎታል። ጽሑፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው።

ፊልሙ ወደ አሜሪካ የተሻገረው በ1989 መጨረሻ ስትሪምላይን ፒክቸርስ በተባለ አነስተኛ አከፋፋይ አማካይነት ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የአሜሪካ ተመልካች የሥዕል ፊልምን የልጆች መዝናኛ አድርጎ ይቆጥረው ስለነበር፣ ደምና የፖለቲካ ሤራ የሞላበት ሥራ ሲገጥመው ከታሪኩ አስቀድሞ ዓይነቱ ራሱ አደናገረው። በዚህም የተነሣ ሰዎች ፊልሙን የተረዱት በሚያውቁት ነገር እየመዘኑ ነው። ስለ ከተማዋ ሲናገሩ በ1982 የወጣውን «ብሌድ ረነር»፣ ስለ ፍጻሜው ሲናገሩ በ1968 የወጣውን «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ያነሡ ነበር። የብዙዎች ፍርድ በአንድ አሳብ ሊጠቃለል ይችላል፤ ሥዕሉ እጅግ ያስደንቃል፣ ታሪኩ ግን አይጨበጥም። መጽሐፉ በማርቭል ኩባንያ ሥር በነበረው ኤፒክ ኮሚክስ ከ1988 ጀምሮ በእንግሊዝኛ መታተም ቢጀምርም እስከ ፍጻሜው የደረሰው በ1995 ነው። ስለዚህ መልሱን ከመጽሐፉ የፈለገ የአሜሪካ ተመልካች ለብዙ ዓመታት መጠበቅ ነበረበት።

የትርጉሙም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ከንፈሩ ለጃፓንኛ ንግግር ተለክቶ የተሣለን ገጸ ባሕርይ በእንግሊዝኛ ማናገር ከሌሎቹ የሥዕል ፊልሞች ይልቅ ያስቸግራል። ተርጓሚው ለአሳቡ የሚስማማውን ቃል ሳይሆን ለአፉ እንቅስቃሴ የሚበቃውን ቃል ለመምረጥ ይገደዳል። በመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ቅጂ የገጸ ባሕርያቱ ስሞች እንኳ ከጃፓንኛ አጠራራቸው ርቀው ይሰማሉ። በ2001 ፓዮኒር የተባለው ኩባንያ ለጃፓንኛው ንግግር ይበልጥ የቀረበ ሌላ የእንግሊዝኛ ቅጂ አስተርጉሞ አወጣ። ሁለቱን ያነጻጸሩ ሰዎች ቀድሞ የፊልሙ ጨለማ መስሎ ይታያቸው ከነበረው ጥቂቱ የተርጓሚው ጥላ እንደ ነበረ ሊገነዘቡ ችለዋል። ይሁንና በመጀመሪያው ድምፅ ያደጉት ተመልካቾች ከነስሕተቱ ሲወዱት ኖረዋል፤ ለእነርሱ «አኪራ» ያ ነበርና።

በእንግሊዝ አገር ፊልሙ የቀረበው በጃንዋሪ 1991 ለንደን ውስጥ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበባት ተቋም ነበር። ወዲያውም በቪዲዮ ካሴት ተሠራጨ። ካሴቱ የተመልካቹን ጠባይ ለወጠው። በሲኒማ ቤት ያልገባው ነገር ያመለጠው ሰው፣ በቤቱ ግን ወደ ኋላ መልሶ ማየት፣ አቁሞ መመርመር፣ ጓደኛ ጠርቶ መጠየቅ ቻለ። ግራ መጋባቱ የጉድለት ምልክት መሆኑ ቀርቶ ዳግመኛ ለማየት ምክንያት ሆነ። ከዚህ ወዲያ ብዙ ወጣቶች የጃፓንን የሥዕል ፊልም ማወቅ የጀመሩት በዚሁ ሥራ እንደ ነበረ መናገር ይቻላል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ማንም ያልጠበቀው ነው። ፊልሙ በ2019 ላይ ቆሞ በማግሥቱ ዓመት በቶኪዮ ስለሚደረግ ኦሊምፒክ ይናገራል። በሴፕቴምበር 2013 የ2020ው ኦሊምፒክ ለቶኪዮ በእውነት ሲሰጥ ተመልካቾች ይህን አስታወሱ። በፊልሙ ውስጥ ለውድድሩ 147 ቀን እንደ ቀረው የሚያመለክት ሰሌዳ ይታያል፤ ከሥሩም ውድድሩ ይሰረዝ የሚል አሳብ ያለው የእጅ ጽሑፍ ተጭሯል። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2020 ለእውነተኛው ኦሊምፒክ 147 ቀን ሲቀረው የኮሮና ወረርሽኝ በመዛመት ላይ ነበር፤ ያ ትዕይንትም በጃፓን የሕዝብ መነጋገሪያ ሆነ። ማርች 24 ውድድሩ መራዘሙ ተገለጸ፤ የተካሄደውም በ2021 ነው። አንዳንዶች ፊልሙን ትንቢት አሉት። ነገር ግን ኦቶሞ የሣለው የ1964ቱን የቶኪዮ ትዝታ እንጂ የሚመጣውን ወረርሽኝ አልነበረም። ስለ ወደፊቱ የተሠራ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ያለፈውን ነው፤ የዘነጋው ሰው ግን ትንቢት ይለዋል።

እንግዲህ ከ1988 እስከ 2020 ያሉት ተመልካቾች ሁሉ ግራ ተጋብተዋል ሲባል፣ የተጋቡት በአንድ ነገር አልነበረም። መጽሔቱን ያነበበው ጃፓናዊ የሚያውቀው ሕያው ልጅ ለምን ወደ አካል ቁራጭ እንደ ተለወጠ ይጠይቃል። አሜሪካዊው የልጆች ነው ያለው ጥበብ ለምን እንዲህ እንደሚያስፈራ፣ የካሴቱ ባለቤት ያመለጠው ትዕይንት የትኛው እንደ ሆነ፣ የ2020ው ተመልካች ደግሞ ፊልሙ ዘመኑን እንዴት እንዳወቀ ይጠይቃል። ከእነዚህ ጥያቄዎች እያንዳንዱ ጠያቂው ምን እንደ ነበረውና ምን እንደ ጎደለው ያሳያል።

ሆኖም ሁሉንም በተመልካቹ እውቀት ማነስ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የሚያኮ ነገር ከመጨናነቅ የመጣ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ሊረዳው አይችልም። የባዶው ክፍል ነገር ግን ከዚህ ይለያል። መኮንኑ፣ ሳይንቲስቱና አማኙ የየራሳቸውን አኪራ ፈጥረው ከተማዋን ለአደጋ ሲዳርጉ፣ ክፍሉ ሲከፈት የሚታየው ከመስተዋት ዕቃ በቀር ምንም አለመሆኑ የፊልሙ ዋና አሳብ ነው። በዚያ ቦታ የሚደናገር ተመልካች በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሰዎች እኩል ተደናግሯልና፣ ሥራውን በትክክል አይቶታል ማለት ነው።

ሥራን ለሚያሳጥሩ፣ ለሚተረጉሙና ለሕዝብ ለሚያቀርቡ ባለሙያዎች ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር ይኸው ነው። ተመልካቹ «አልገባኝም» ሲል በአንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊናገር ይችላል። አንደኛው በመንገድ ላይ የወደቀ ነገር ነው፤ የጣለውን ሰው ማንሣት ይገባዋል። ሁለተኛው ሠሪው ዐውቆ ባዶ የተወው ቦታ ነው፤ ያንን ለመሙላት መቸኮል ሥራውን ማፍረስ ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ተመልካቹን በትዕግሥት በማዳመጥ ነው። የ«አኪራ» ተመልካቾች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲጠይቁ ቆይተዋል፤ ፊልሙ እስከ ዛሬ ሊኖር የቻለውም በመልሱ ብቻ ሳይሆን በጥያቄያቸውም ጭምር ነው።