ጾማዕትና ኂሩት፦ ቀይ ባሕርን የተሻገሩ ሁለት ቃላት

በጅቡቲ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ የሚጫነው ስንዴ የሚከማችባቸው ረጃጅም ጎተራዎች በዐረብኛ «ሰዋሚዕ» ይባላሉ፤ ነጠላው «ሰውመዓ» ነው። ዐረብኛ ከፈረንሳይኛ ጋር የአገሪቱ የመንግሥት ቋንቋ ነውና ቃሉ ለከተማው ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን እህል ከመያዙ በፊት መነኩሴ ይይዝ ነበር። በቁርኣን (22፥40) የሚገኘው የመነኮሳት በዓት በሚል ፍቺ ሲሆን፣ ኖልደከና እርሱን የተከተሉ ሊቃውንት ምንጩ የግእዙ «ጾማዕት» መሆኑን ጠቁመዋል።

ጾማዕት ባሕታዊ ራሱን የሚዘጋባት ጠባብ በዓት ናት። ስሟን ከሁሉ ይልቅ ያስጠሩት ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ጰንጠሌዎን ናቸው። «ዘጾማዕት» የሚለው ቅጽል በኒቆምድያ ከተሰየፈው ሐኪም፣ ከሰማዕቱ ጰንጠሌዎን፣ ይለያቸዋል። ኮንቲ ሮሲኒ በ1904 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ገድላቸው በአክሱም አቅራቢያ ባለች ኮረብታ ላይ ሳይቀመጡና ሳይተኙ 45 ዓመት እንደ ቆሙ ይተርካል። ገድሉ ከዘመናቸው እጅግ ዘግይቶ የተጻፈ ስለ ሆነ ቁጥሩን እንደ ታሪክ መያዝ አይገባም። ይሁን እንጂ ባሕታዊውን ከሰማዕታት ጋር የሚያገናኘው ክፍል ትኩረት ይሻል፤ ዐፄ ካሌብ ወደ ሒምያር ከመዝመታቸው በፊት በረከት ፍለጋ ወደዚያች በዓት ሄዱ ይላል።

የዘመቻው ምክንያት የታወቀ ነው። በ523 እ.ኤ.አ. የአይሁድን እምነት የያዘው የሒምያር ንጉሥ ዩሱፍ የናግራንን ክርስቲያኖች አስፈጀ፤ የከተማዪቱ ሽማግሌ አል-ሓሪስ ቢን ካዕብም አንገቱን ተቀላ። ግሪኮች ይህን ሽማግሌ «አሬታስ» ብለው ጻፉት፤ የግእዙ ገድል ደግሞ «ኂሩት» ይለዋል። የግሪኩ አጻጻፍ የመነሻውን «ሐ» ስለማያሳይ፣ ከእርሱ በቀጥታ ወደ «ኂሩት» መድረስ አስቸጋሪ ነው። የግእዙ ጽሑፍ የተተረጎመው ከዐረብኛ መሆኑን ተመራማሪዎች ተቀብለዋል፤ ስሙም ይህንኑ የሚደግፍ ይመስላል። አናባቢ ያልተጻፈበት የዐረብኛ ስም በተርጓሚው ፊት ሲቀርብ ተነባቢዎቹ ቆዩ፤ አናባቢዎቹ ግን ከ«ኄር» በወጣው፣ «ደግነት» በሚል ትርጉም በሚታወቀው የግእዝ ስም ተሞሉ። የናግራን አለቃ ስም በዚህ ዓይነት የምግባር ስም ሆነ።

በኢትዮጵያ ትውፊት የአሳዳጁ ስም ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ግሪኩ ዱናአስ፣ ዐረቡ ዙ ኑዋስ፣ ሶርያዊው መስሩቅ የሚለውን ንጉሥ ኢትዮጵያውያን «ፊንሐስ» ይሉታል፤ ይህም ከሦስቱ ከአንዱም በድምፅ ለውጥ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ የግእዙን ወግ በሙሉ ትርጉም ነው ብሎ መተው ችኮላ ነው። በተተረጎመው መጽሐፍ ጎን ከእርሱ ያልተቀዳ ትዝታ ነበር።

ከንጉሡ ወገን የቀረው ምስክር ደግሞ ከጅቡቲ ከተማ በስተ ሰሜን ያለውን የባሕር ወሽመጥ ይመለከታል። በናግራን አካባቢ በድንጋይ ላይ የተቀረጸውና በ633 የሒምያር ዘመን፣ ማለትም በ523 እ.ኤ.አ.፣ የተጻፈው የሳባ ጽሑፍ ሠራዊቱ «ስስልትን መድብን» እንዳጠናከረ ይናገራል። የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ «ን» መስተአምር ነው፤ ሥሩም ከአማርኛው «ሰንሰለት» ጋር ይዛመዳል። ሁለተኛው ቃል መንደብ ነው፤ «ን» በ«ድ» ተውጧል። የግሪኩ ገድልም በመተላለፊያው ስለ ተዘረጋ ሰንሰለት ያወራል፤ በእርግጥ የብረት ሰንሰለት ይሁን ወይም የምሽጎች መስመር፣ ወሬው ከባዶ አልተነሣም። ባብ ኤል መንደብን «የልቅሶ በር» ብሎ መፍታት በመመሪያ መጻሕፍት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ስሙ በሳባ ቋንቋ አስቀድሞ ስለ ተጻፈ፣ ፍቺው ከዐረብኛው ግስ ብቻ ሊወሰድ አይገባም።

ካሌብ በ525 እ.ኤ.አ. ተሻግረው ድል አደረጉ። ትውፊቱ ከድሉ በኋላ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኮሱ ሲል፣ የባይዛንጥዩ ታሪክ ጸሓፊ ፕሮኮፒዮስ በኋላም በአብርሃ ላይ ጦር የላኩ ንጉሥ አድርጎ ያቀርባቸዋል። ሁለቱን ማስታረቅ ከባድ ነው። ገድሉ የፈለገው ግን ግልጽ ነው፤ ስለ ሰማዕታት የተዋጋው ንጉሥ ባሕታዊው ወደ ቆመባት ጾማዕት እንዲመለስ ነው።

የሰማዕቱ ስም በበኩሉ ከገድሉ ወጥቶ ሄዷል። «ሂሩት» ዛሬ በአማርኛ የሴት ስም ነው።